እናቴ «ጤዛ ነው» ያለች ዕለት

መሬታችን የተለካ ዕለት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያች ዕለት ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴ የሰው ድንበር ገፊ እንደ ነበረች አምኜ ኖርኩ። ማንም ሹክ ብሎ አላሳመነኝም። በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነው ያመንኩት።

ቀበሌያችን ከአምባ ጊዮርጊስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ዓመት ለእያንዳንዱ ገበሬ የመሬት ደብተር ይሰጣል ተባለና የአገሩ ወሬ ሁሉ ልኬት ሆነ። ከገበሬው መካከል አምስት ሰዎች ተመረጡ። አለቃቸው አያ ቢያዝን ነበር፤ የቄስ ትምህርት የቀመሰ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ የማያወርድ ረጅም ሰው። መለኪያቸው አምሳ ሜትር የቃጫ ገመድ ነው። በየአምስት ሜትሩ ቋጠሮ አለው፤ መካከሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። እነሱ ገመዱን ይዘው በሰው ማሳ ሲያልፉ እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ እየተከተልን ቋጠሮውን ጮክ ብለን እንቆጥር ነበር።

ያን ገመድ የገመደው ጎረቤታችን አያ ሰውአገኝ ነው። ወሰንተኛችን ነበር፤ የእሱንና የእኛን መሬት አንድ መስመር ድንጋይ ብቻ ይለየዋል። ገመድ በመግመድ የሚደርስበት አልነበረም። ቃጫውን በጭኑ ላይ ሲያሸው፣ የሚሸተኝን የደረቅ ሣር ሽታ ዛሬም አውቀዋለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሸጋዋ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። የምዘልበት ገመድ እንኳ ሠርቶ ሰጥቶኛል። የእሱ ልጆች ሲቀኑብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአያ ሰውአገኝ መሬት ግርጌ ቦረቦር አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየናደ ይወስዳል። ለእኛ ለልጆቹ ግን መንሸራተቻችን ነው። ዓምና ቁመታችንን ያክል የነበረው ዘንድሮ እጥፍ ሆኖ ስናገኘው እልል እንላለን። የሰው ማሳ እየተበላ መሆኑን ማን አውቆት።

ጠቡ የተነሣው ከዚያ ቦረቦር ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት፣ አያ ሰውአገኝ መሬቴ ጎደለ ማለቱንና፣ ያጎደለውም ሟቹ አባቴ ነው፣ በየዓመቱ አንዳንድ ትልም እያረሰ ድንበሬን ገፍቶብኛል ማለቱን ነው። እማ ደግሞ ገደል የበላውን ከመበለት ይጠይቃል ወይ ብላ ለሽማግሌ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አበጠሩት። በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ለሁለቱም ቤት የተሰጠው እኩል አራት አራት ጥማድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይለካ፤ የተረፈው ለጎደለው ይመልስ አሉ።

እማ ደስ አላት። ዋዜማውን መቆፈሪያ ይዛ ከወሰኑ ድንጋዮች ዘንድ ስታጎነብስ ስትቀና ዋለች። እኔ ከሩቅ አየኋት። ምን እየሠራች እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የኋላ ኋላ ግን ያ ማጎንበሷ በልቤ ውስጥ ምስክር ሆነባት፤ ድንጋዩን ስታሸሽ ነበር አልኩ። ለካ እማ ሣር የዋጣቸውን ድንጋዮች ሣሩን እያነሣች፣ ለለኪዎቹ እንዲታዩ ስታደርግ ነበር የዋለችው።

ልኬቱ ታኅሣሥ ውስጥ ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ገለባ ብቻ ቀርቶበታል። በማለዳ ጀሪካኔን ይዤ ምንጭ ወረድኩ። አያ ሰውአገኝ ከምንጩ አፋፍ ተቀምጧል፤ መለኪያው ገመድ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ተኝቷል። ለኪዎቹ ትናንት እሱ ቤት አሳድረውት ነበር።

«ሸጋዋ፣ ነይማ» አለኝ። «ይኸ ገመድ የስንቱን ሰው አፈር ልሶ ልሶ ቆሽሿል። በቆሸሸ ገመድ የእናትሽ መሬት ይለካ?»

አይለካም አልኩ።

«እንግዲያ እጠቢልኝ። ንጹሕ ገመድ ንጹሕ ፍርድ ይሰጣል።»

ገመዱን ከምንጩ ማረፊያ ኩሬ ውስጥ ነከርኩት፤ እንደ ልብስ በእግሬ ረገጥኩት። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ቁርጭምጭሚቴ ደነዘዘ። ላወጣው ስል አያ ሰውአገኝ እንደገና አስገቢው፣ በደንብ ይጠጣ እያለ አስቆየኝ። ከዚያ ጠቅልሎ ከአንገቴ ላይ አደረገልኝና፣ አንቺ ለለኪዎቹ አድርሺላቸው፣ እኔ በላይ በኩል እመጣለሁ አለኝ። ለእናቴ እንዳልናገርም አስጠነቀቀኝ። ለሷ ብለን እንዳጠብነው ከታወቀ፣ አድልተዋል ይሉናል አለ። እውነት መሰለኝ። ለእማ የምሥራች የተሸከምኩ ያህል እየሮጥኩ ወጣሁ። ገመዱ እንደ እርጥብ ጠቦት ከብዶ አንገቴን ይቀዘቅዘኛል፤ ውሃው በጀርባዬ ይወርዳል።

ማሳው ላይ ሰው ሞልቷል። እማ ከሩቅ አየችኝ። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም። አያ ቢያዝን ገመዱን ከአንገቴ አውጥቶ በመዳፉ ጨበጠው፤ ውሃው በጣቶቹ መካከል ወጣ።

«ምነው እንዲህ ረጠበ?»

አያ ሰውአገኝ በላይ በኩል እየወረደ ነበር። «ደጅ አድሮ ነው» አለ፤ «ጤዛ ነው።»

አያ ቢያዝን እኔንም እማንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ለእማ ተናገረ። «ባንቺአየሁ፣ ባለጉዳይዋ አንቺ ነሽ። ጤዛ አይደለም ካልሽ ልጅቱ ትጠየቃለች። እሷ አንድ ትላለች፣ እሱ አንድ ይላል፤ ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን በር ይደርሳል።»

እኔ አጠብኩት ልል አፌን ከፈትኩ። እንዲያመሰግኑኝ ጓጉቼ ነበር። እማ ከኋላዬ ደረሰችና ትከሻዬን ያዘች። ጣቶቿ አጥንቴ ድረስ ገቡ። እንዲህ ይዛኝ አታውቅም ነበር።

«ጤዛ ነው» አለች። «ለኩ።»

እማ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከምንጭ ስመጣ አይታለች፤ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ አይታለች። ጤዛ አለመሆኑን ታውቃለች። ታዲያ ለምን ዋሸች? በልጅነት ልቤ መልሱን ወዲያው አገኘሁት፤ ንጹሑን ገመድ ፈርታው ነው። ንጹሕ ገመድ የሚያስፈራው ሌባን ነው።

ለኩ። አንዱ ጫፉን ይዞ ከድንጋዩ ላይ ይቆማል፤ ሌላው እስኪወጠር ይጎትታል፤ ካለቀበት ችካል ይተከላል፤ ከችካሉ እንደገና ይነሣል። አያ ቢያዝን ይጽፋል። በአራቱም ጎን ዞሩ። ሲደመር የእኛ መሬት አራት ጥማድ ከአንድ ቃዳ ተኩል ሆነ። አራቱ ቃዳ አንድ ጥማድ ነውና ትርፉ ትንሽ አይደለም። ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ገመዱን በገለባው ላይ ዘርግተውት ምሳ በሉ። ታኅሣሥ ቢሆንም የቀትሩ ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ፀሐይ ዞር ሲል የአያ ሰውአገኝን ለኩ። ጎደለ፤ ሁለት ቃዳ የሚደርስ ጎደለ።

«እዚያ የተረፈው እዚህ የጎደለው ነው» አለ አያ ቢያዝን። «ገመድ አይዋሽም።»

ድንጋዮቹን ነቅለው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ወደ እኛ አስገቧቸው። እናቴ በሰው ሁሉ ፊት አላለቀሰችም። ዐሥራ ሁለቱ እርምጃ ወደ ምንጩ የሚጠጋው ጥቁሩ አፈር ነው፤ ነጭ ሽንኩርቷ ያለው እዚያ ነበር። ልንቀለው ብላ ጠየቀች፤ ፈቀዱላት። ገና ጥርስ አላወጣም ነበር። እስኪመሽ ሁለታችን ስንነቅል ቆየን። እጄ ለሳምንት ሸተተኝ። አያ ሰውአገኝ ከአዲሱ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ያየናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሸጋዋ አላለኝም።

ነጭ ሽንኩርቱ ነበር ደብተሬንና ልብሴን የሚችለው። በዓመቱ ከሁለተኛ ክፍል ወጣሁ። ትምህርት ቤት በነበርኩበት ጊዜም ልጆቹ ድንበር ገፊ እያሉ ይሰድቡኝ ነበር። ተጣልቼ አላውቅም። ለምን እጣላለሁ? እውነታቸውን ነው ብዬ አንገቴን እደፋለሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ እማ የሰው ዶሮ ገብስ በላብኝ ብላ ስትቆጣ፣ የሰው መሬት የበላሽ አንቺ ስለ ዶሮ ታወሪያለሽ አልኳት። ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ለቀማዋን ቀጠለች። ለማንም አልነገረችብኝም። አልመታችኝም። ዝም ማለቷን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ነው የምኖረው፤ እማ ከእኔ ዘንድ ናት። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሃና ትባላለች፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ደረቷን ያማታል፤ ብርድ ሲነካት ትንፋሿ ያፏጫል። ሌሊቱን እየተነሣሁ ትንፋሿን የማዳምጥ ሰው ነኝ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተናል። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሃና እያሾፈችብኝ የቤት ሥራዬን ታርምልኛለች።

ዘንድሮ መሬት ሁሉ እንደገና በካርታ ሊመዘገብ ነው ተብሎ፣ ፅዮን የምትባል የመሬት ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ክፍላችን ትመጣ ጀመር። ልጅ እግር ናት፤ በዕድሜ የምንበልጣትን እትዬ ትለናለች። ካርታ ማንበብ አስተማረችን። ሰሜን ወዴት እንደሆነ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ጣት የሚያክለው በምድር ላይ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ወሰንተኛን በአራቱ አቅጣጫ እንዴት እንደሚጽፉ። መጀመሪያ ግቢውን ራሳችን እንድንለካ የቃጫ ገመድ ሰጠችን። ባለ ሃያ ሜትር ነው። በቁመቱ ለካነው፤ ስልሳ ሜትር። ጻፍን። ሳንጨርስ ዝናብ መጣብንና ገመዱን ደጅ ጥለን ገባን። ሲያባራ ደግመን ለካን። ስልሳ ሦስት።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። መንበረ የምትባለዋ ወደ እኔ እያየች፣ ብርቄ መቁጠር አትችልም፣ ሃና ትምጣልን አለች። ሦስተኛ ለካን። ስልሳ ሦስት።

«ግቢው አላደገም» አለች ፅዮን እየሳቀች። «ገመዱ ነው ያጠረው። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ያጥራል። አጭር ገመድ ሲሆን መሬቱ ረጅም ይመስላል። የብረቱን ሜትር የምንጠቀመው ለዚህ ነው።»

መንበረ፣ ይህማ ምን ትምህርት ይፈልጋል፣ ዝናብ የመታው የጭነት ገመድ አህያ ወገብ ላይ ሲከርር ያላየ ማን አለ አለች። ሁሉም አዎን አሉ። እኔ እርጥቡን ገመድ እንደ ያዝኩ ቁጭ አልኩ። አዎን፤ አህያ የጫነ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ማሳው ላይ የቆሙት ወንዶች በሙሉ አህያ ይጭናሉ። አያ ቢያዝን ውሃውን በጣቶቹ መካከል ሲያፈሰው ያውቅ ነበር። የገመደውማ አይነገርም። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያጠብኩት ደግሞ እኔ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለእማ ነገርኳት። መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሃና ከጎኗ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ገመዱን እኔ ነኝ ያራስኩት፣ እሱ ነው ያዘዘኝ፣ መሬቱ ትርፍ አልነበረውም እያልኩ አለቀስኩ። እማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ከአንገትሽ ሲንጠባጠብ አይቼሻለሁኮ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ከበሩ ይወስዱሽ ነበራ።»

በእኛ አገር የድንበር ምስክር የሚምለው የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ነው። ትልቅ ሰው ልጁን በእጁ ይዞ ይምላል። ልጅ ምስክር ሲሆን ደግሞ በራሱ ነፍስ ይምላል። በሐሰት የማለው ይቀሠፋል፤ እንዲህ ነው የሚታመነው።

እውነቴን ነበርኩኮ አልኳት። እውነት የማለ ምን ይሆናል?

«እሱም ይምል ነበር» አለች እማ። «መሐላና መሐላ ሲጋጭ የማን ልጅ እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ? ከአንቺ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። አፈር ያው አፈር ነው፤ ይዋጥለት አልኩ።»

ሌባ ስልሽስ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«እኔ ነኝ ያስወሰድኩት እያልሽ እንድታድጊ ነው? እኔን ብትጠይ ይሻላል።»

ሃና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየናለች። «ታዲያ አሁን ንገሪያቸዋ» አለችኝ። «አንቺ ምስክር ነሽ።» እነግራቸዋለሁ አልኳት። ያኔ ያልኩት ከልቤ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ካርታው ለሕዝብ እይታ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሃናን ይዤ ሄድኩ፤ ትምህርት አልነበራትም። ከላይ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ማሳው ሁሉ እንደ ተጣጣፈ ቆዳ ተነጥፏል። መሬታችንን ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። ምንጩን፣ ቦረቦሩን፣ መንገዱን አነበብኩ። የእማን ስም አነበብኩ። ከጎኑ፣ በምሥራቅ፣ ምንዳዬ ሰውአገኝ ይላል። አያ ሰውአገኝ ከሞተ ቆይቷል፤ ምንዳዬ ልጁ ነው። ቀዩ መስመር የተሰመረው ከዐሥራ ሁለቱ እርምጃ ወዲህ ነው። ፀጉር የምታክል ስህተት የለባትም። የተሰረቀው በትክክል ተለክቷል።

ፅዮንን ጠራኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ከልቧ አዘነች።

«እትዬ ብርቄ፣ ካርታው ያለውን እንጂ የነበረውን አያሳይም» አለች። ቅሬታ ማስመዝገብ እንደምችል፣ ሰነድ የሌለው ቅሬታ ግን ወደ ሽማግሌ እንደሚመለስ ነገረችኝ። የቅሬታው ቀን የሚያልቀው በዚያው ዕለት ነው።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ከበረንዳው ላይ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ምስክሯ አንቺ ነሽ፣ ምንዳዬም ለአባቱ ይምላል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ይዘጋል አለኝ። ከዚያ ሃናን አየት አደረጋት።

«ይችን ይዘሽ ትመጫለሽ» አለ።

ምንዳዬ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። አራት ልጆች አሉት። ምንም አያውቅም፤ አባቱን እውነተኛ ብሎ ነው የቀበረው። በሙሉ ልቡ ይምላል። እኔም በሙሉ ልቤ እምላለሁ።

እውነት የማለ እንደማይቀሠፍ አውቃለሁ። መሐላ ሰው እንደማይገድልም ከክፍል ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ግን ሃና ዳገቱን ስንወጣ ደክሟት ነበር፤ ከአጠገቤ ቆማ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሰኔ ገብቷል፤ ክረምቱ ፊት ለፊታችን ነው። ከእሑድ በኋላ አንድ ሌሊት ትንፋሿ ቢቆራረጥ፣ ያን ጊዜ የማስበውን አውቀዋለሁ።

ፅዮን መዝገቡን ከፍታ ትጠብቀኛለች። «ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ቅሬታ የለኝም በይ።»

ጣቴን ለማስነካት ቀለሙን አቀረበችልኝ፤ ከዚያ ትዝ አላትና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተስተካክለው ወጡ። ፅዮን ሸጋ ጽሕፈት ነው አለችኝ።

ሃና ከጎኔ ሆና አነበበችው። ማንበብ ከእኔ ትፈጥናለች። እጄን ልይዛት ስል እጇን ወደ ኪሷ ከተተች። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ቁልቁለቱ ላይ ሳል ይዟት ቆመች፤ ዞር ብላ ግን አላየችኝም። ደክሟት ቀስ እስክትል ድረስ ሳልጠራት ከኋላዋ ሄድኩ።